ያዮ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ‹‹አገርሽ የት ነው?›› ስንባል ‹‹ያዮ›› እንላለን። ያኔ ከሦስት መልሶች አንዱ ይመጣል። ዜና የሚከታተል ሰው ከሆነ ‹‹አሃ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካው!›› ይላል። ቡና አዋቂ ነኝ ባይ ከሆነ ‹‹የጫካ ቡናው!›› ይላል። ሁለቱንም ያልሰማ ከሆነ ደግሞ ‹‹የት ነው እሱ?›› ይልና፣ ‹‹ኢሉባቦር›› ስንለው ‹‹እ… ጅማ!›› ብሎ ራሱንም እኛንም ይገላግላል። (የጅማ ልጆች፣ ቅር አይበላችሁ። የእናንተ ጥፋት አይደለም።)

ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. ገደማ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን እጅ ተጀምሮ፣ ቢሊዮኖች ፈስሰውበት ሳያልቅ የቀረው ነው። ጫካው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ከከፋ ጋር አብሮ ዩኔስኮ በባዮስፌርነት የመዘገበው፣ 167 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆነው፣ ቡና ማንም ሳይተክለው ከዛፍ ጥላ ስር የሚበቅልበት ጫካ ነው። አንዱ ባለማለቁ ታወቀ፤ ሌላው እንዳያልቅ ይጠበቃል። ስለ ሁለቱም የጻፈ አይጠፋም፤ ዛሬ እናልፋቸዋለን።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሦስተኛው ያዮ ነው። እሱ ደግሞ ያዮ ውስጥ አልነበረም። መቱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያዮ ከመቱ በሁሩሙ በኩል ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የያዮ ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ቀጥሎ የሚማረው ነገር ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የሚማረው መቱ ሄዶ ነው። የመምህራን ኮሌጁ እዚያ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲውም እዚያው ነው። የያዮ ወላጅ ሴት ልጁን ወደ መቱ ሲልክ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ትምህርቱ አይደለም፤ ‹‹የማን ልጅ እዚያ አለች?›› ነው። ያለችው ልጅ ዘንድ አንድ ፍራሽ ይጨመራል። አንድ ኩንታል በቆሎ፣ አንድ ጆንያ ጎደሬ፣ በፌስታል የተቋጠረ ቡና ይላካል። በቃ፣ ቤት ሆነ ማለት ነው።

በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለት የያዮ እህትማማቾች መቱ ውስጥ ከአንዲት እናት ጓሮ ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ተከራዩ። ታላቂቱ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ፣ ታናሺቱ የጤና ተማሪ ነበረች። እኛ ሦስተኛ ሆነን ተጨመርን። በወረቀት ዩኒቨርሲቲው ዶርም ነበረን፤ በተግባር ግን የምንኖረው እዚያ ነበር። ቀጥሎ የታላቂቱ የክፍል ጓደኛ ከሱጴ መጣች። ቀጥሎ ከእኛ ጋር ጋዜጠኝነት የምትማር፣ ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ልጅ መጣች። በመጨረሻ ከጎሬ አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ ገባች፤ ለሳምንት ብላ ገብታ ለሦስት ዓመት ተቀመጠች። ስም መጥራት አላስፈለገንም፤ ሁሉም በአገሯ ትጠራ ነበር። ሱጴ፣ ጎሬ፣ ወሎ። ቤቱ ደግሞ፣ ከስድስታችን ሦስታችን ከያዮ ስለሆንን፣ ‹‹ያዮ ቤት›› ተባለ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ በዚሁ ስም ያውቁት ነበር።

(በነገራችን ላይ፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ‹‹እኛ›› ስንል ስድስታችንን ማለታችን ነው። አንዳንዴ ግን ጸሐፊዋን ብቻ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ አንባቢ ይለየው። እኛም ያኔ ብዙ አንለየውም ነበር።)

አከራያችንን ሰፈሩ ሁሉ ‹‹አዮ›› ይላቸው ነበር፤ እኛም አዮ አልናቸው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሳቃቸው ከድምፃቸው የባሰ ወፍራም ሴት ናቸው። ኪራዩን ሲያሻቸው በብር፣ ቡና ሲደርስ ደግሞ ከየቤታችን በሚላክ ጀንፈል ይቀበሉን ነበር። የጀንፈሉን ሚዛን ግን በዓይናቸው ነበር የሚያውቁት፤ ለማጭበርበር የሞከረ የለም። ሕጋቸው ሦስት ነበር። ወንድ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ እንግዳ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እንግዳ ይሄዳል። ቡና ሲፈላ ማንም ስልክ አይነካም። ይኼ ሦስተኛው ሕግ ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው።

ሐሙስ ማታ ቡና ይፈላል። ስልክ ካልተነካ ምን ይሠራል? ወሎ አንድ ቀን ለክፍል የጻፈችውን አነበበች። በሚቀጥለው ሐሙስ ሱጴ በኦሮምኛ የጻፈችውን አነበበች። በሦስተኛው ሐሙስ አዮ ተቆጡ። ‹‹ቡናውን የማፈላው እኔ፣ በረንዳው የእኔ! ግማሹን ሳልሰማ የምቀመጠው ምን በወጣኝ ነው?›› አማርኛ ይሰማሉ፤ ግን የመጽሐፍ አማርኛ ይከብዳቸዋል። በሌላ በኩል አንዳንዱ እንግዳችን የገበያ ኦሮምኛ እንጂ የግጥም ኦሮምኛ አይችልም። ስለዚህ ሕግ ወጣ። አቦል ላይ ይነበባል። ቶና ላይ ሌላዋ ያንኑ ነገር ወረቀት ሳታይ በሌላኛው ቋንቋ ትናገረዋለች። በረካ ላይ ይፈረዳል።

የጽሑፍ ትምህርት ማለት ይህ ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ዜና አጻጻፍ ብዙ ተምረናል፤ አንክድም። ‹‹ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን›› የሚለውን በእንቅልፋችንም እንጠራዋለን። ግን ከቶና የበለጠ መምህር አላየንም። ያማረ ቃል ብቻ ያለው ጽሑፍ ቶና ላይ ይሞታል። ጎሬ አንድ ጊዜ ስለ ዝናብ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። ሰማይ አለቀሰ፣ ምድር እንባዋን ጠጣች፣ ደመና ጥቁር ነጠላ ለበሰ፣ ብዙ ነገር ሆነ። ሱጴ በጥሞና ሰማች፣ ስኒዋን አስቀመጠች፣ ከዚያ በኦሮምኛ እንዲህ ብላ ጨረሰችው፤ ‹‹ዘነበ። አሁንም እየዘነበ ነው።›› ደግሞ በእውነትም እየዘነበ ነበር! ጎሬ ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ሲመጣ አያቷ ከደጅ ወደ ቤት የሚያስገቧቸውን ነገሮች በቅደም ተከተል ጻፈች፤ መጀመሪያ ቡናውን፣ ቀጥሎ እንጨቱን፣ ቀጥሎ ዶሮዎቹን፣ በመጨረሻ ባላቸውን። ይኼኛው በሁለቱም ቋንቋ ቆመ።

ስለ ዝናብ ካነሳን አይቀር፣ የኢሉባቦርን ዝናብ የማያውቅ ሰው የአዲስ አበባን ሐምሌ አስቦ እንዳይሳሳት። እዚያ ዝናብ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ቆርቆሮ ስር ተቀምጦ ግጥም ማንበብ ማለት ከበሮ ስር ተቀምጦ ማንሾካሾክ ነው። ሲብስ አንባቢዋ ወረቀቷን አጥፋ ትጠብቃለች። ‹‹ዝናቡ ያንብብ፣ ተራው ነው›› ይባላል። አንዳንድ ሐሙስ ዝናቡ ብቻ አንብቦ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ እንግዳም ሕጉን አክብሮ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ነበር። ሶር ፏፏቴ ያን ያህል ውኃ ከአጠገባችን እየወረወረ እኛ በሻማ ስናነብ፣ ምን ይባላል? ሻማ ይባላል።

እንግዶቹስ እነማን ነበሩ? ኪነት ቡድን፣ ክበብ፣ ማኅበር የሚባል ነገር አልነበረንም። ማኅተም የለንም፣ ሊቀመንበር የለንም። መናኸሪያ አካባቢ መጽሐፍ የሚያከራይ ልጅ ይመጣል፤ በነፃ ያስነብበናል፣ በምትኩ ቡና ይጠጣል። የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፍ ሠዓሊ ይመጣል፤ ከከተማዋ ሰሌዳዎች ስንቱ የእሱ እጅ እንደሆነ መንገድ ላይ አብረነው ካልሄድን አናውቅም ነበር፤ የፊደል ስሕተት ካየን ግን ‹‹ባለሱቁ ነው ያዘዘው›› ይላል። የፎቶ ቤት ልጅ ይመጣል፤ ሠርግ ላይ የቀረጸውን ዘፈን በስልኩ ያሰማናል። ከያዮ አካባቢ ቡና ለመሸጥ የሚመጡ አንድ አዛውንት ጌራርሳ ያወጡልናል። እሳቸው ሲያወጡ ቶና አይሠራም ነበር። ሱጴ ሞክራ ‹‹ይኼ አይተረጎምም፣ ይሰማል›› ብላ ተወችው።

ጡረታ የወጡ አንድ የአማርኛ መምህርም ነበሩን። ጋሼ እንላቸዋለን። ፊደላችንን ያቀናሉ፤ ‹‹ሀ›› እና ‹‹ሐ›› የተቀላቀለበት ወረቀት ካዩ ቡናቸው ይበርዳል። ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ቀን ግጥሞች ከአስተማሪዎቻቸው የሰሙትን የነገሩን እሳቸው ናቸው። በ1959 ዓ.ም. ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ በኋላ ገሞራው የተባለው፣ ‹‹በረከተ መርገም››ን ይዞ የቀረበበትን ጊዜ ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ አሁንም የሚሰማቸው ያለ ይመስል። ‹‹ያኔ ተማሪ ሲያነብ ቤተ መንግሥት ይሰማ ነበር›› አሉን። ‹‹እኛን የሚሰማን አዮ ብቻ ናቸው›› ብንላቸው፣ ‹‹እሳቸውን አታናንቁ፤ ከቤተ መንግሥት ይልቅ ይከብዳሉ›› አሉ።

ጋሼ ናቸው በዓሉ ግርማንም ያመጡብን። ‹‹ያመጡብን›› ያልነው ከዚያ በኋላ ሰላም ስላልነበረ ነው። በዓሉ የተወለደው ሱጴ ነው። አዎ፣ የ‹‹ከአድማስ ባሻገር››፣ የ‹‹ኦሮማይ››ው በዓሉ፤ የመነን መጽሔትና የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰው። በ1966 ዓ.ም. ‹‹የሕሊና ደወል››ን ጻፈ። ዋናው ሰው ሀዲስ ሳህሌ ይባላል፤ ተምሮ ከተማውን ትቶ ሊያስተምር ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ሱጴ ይሄዳል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ በዓሉ ያንኑ ታሪክ እንደገና ጽፎ ‹‹ሀዲስ›› ብሎ አወጣው። አንድ ጊዜ የታተመ መጽሐፉን አፍርሶ እንደገና የሠራ ደራሲ! ይኼ ነገር ቤታችን ውስጥ ቃል ሆነ። በረካ ላይ ጽሑፉ አልቆመም ከተባለ ፍርዱ ‹‹ሀዲስ አድርጊው›› ነው። ቅዱ፣ ጣዪው አይባልም። ሀዲስ ይደረጋል።

ሱጴ ግን መጽሐፉን አልወደደችውም። ይኼን ስትሰሙ የምትደነግጡ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ጋሼም ደንግጠዋል። ክርክሯ እንዲህ ነበር። ‹‹በዓሉ በልጅነቱ ነው ከሱጴ የሄደው። የጻፈው ከአዲስ አበባ ሆኖ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሱጴ የምትድነው ከሌላ ቦታ ሰው ሲመጣላት ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። እኛ ሰው አልጠበቅንም፤ ሥራ ላይ ነበርን።›› የመጽሐፍ አከራዩ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው፣ ‹‹ባይሄድ ኖሮ አይጽፍም ነበር፤ ስለ ሱጴ አገር ሁሉ የሰማው እሱ ስለሄደ ነው›› ይላል። ይኼ ክርክር ለሁለት ዓመት ያህል በየሐሙሱ ተነሣ። አንዴ በእሱ ሳቢያ ሦስት ጀበና ፈላ። የሁላችንም ጥያቄ ስለነበረ ነው። እንጻፍ ካልን መሄድ አለብን ወይ? ከሄድን ደግሞ ስለ ምን እንጽፋለን?

እንግዲህ ከሁሉም በላይ ስለምናስታውሰው ሐሙስ እንንገራችሁ። 2011 ዓ.ም.፣ የካቲት አካባቢ ነው። ወሎ ስለ እናቷ ጽፋ መጣች። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ በሰፈራ ተወስዷል፤ ከተወሰደባቸው አገሮች አንዱ ኢሉባቦር ነው። እናቷ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የጻፈችው ስለ ጭነት መኪናው ነው። ስለ አቧራው፣ መንገድ ላይ ስለ ሞተ ሕፃን፣ እናቷ እዚህ ስትደርስ ያየችው አረንጓዴ ስላስፈራት፣ ለሳምንት ‹‹ይኼ ሁሉ ቅጠል ውስጥ ምን አለ?›› እያለች እንዳልተኛች። ከዚያም ስለ ጎጆው፤ አዲስ ሣር የተከደነ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ተሠርቶ የጠበቃት ጎጆ። አቦል አለቀ። ማንም አልተናገረም።

ቶናው የሱጴ ተራ ነበር። በኦሮምኛ ቀስ ብላ ተናገረችው፤ ምንም አልጣለችም። ጎጆው ላይ ስትደርስ አዮ ጀበናውን አስቀመጡ።

‹‹ሣሩን የተሸከምነው እኛ ነን›› አሉ።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝለዋል። እንጨት ቁረጡ፣ ሣር እጨዱ፣ ጎጆ ሥሩ ተብሎ ሰዉ ሁሉ ታዘዘ። ለማን እንደሆነ በቅጡ የነገራቸው የለም። ልጅ በጀርባ፣ ሣር በራስ ላይ አድርገው ስንት ቀን ተመላለሱ። ‹‹ተቆጥቼ ነበር። የእኔ ቤት ክዳኑ እያፈሰሰ የሰው ቤት እከድናለሁ። የሚመጡትን ሰዎች ሳላያቸው ጠላኋቸው። ከዚያ መጡ፤ አየናቸው። ምን ይጠላል? አጥንት ነበሩ።››

ወሎ የምታለቅስ መስሎን ነበር። እስክሪብቶ አወጣች። ሣሩ ከየት ነው የታጨደው? ስንት ሸክም ነው አንድ ጎጆ የሚከድነው? ስትመለሱ ይመሽ ነበር? ልጁን ማን ይዞልዎት ነበር? ቁጣውን ለማን ነገሩት? አዮ ለሁሉም መለሱ። ሁለት ሰዓት አለፈ፤ እንግዶቹም አልሄዱ፣ አዮም ሕጋቸውን አላስታወሱ። ጋዜጠኝነት የሚባለውን ነገር በዓይናችን ያየነው ያን ማታ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጽሑፉን ሀዲስ አደረገችው። አዲሱ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ መኪና ላይ፣ አንዷ ሣር ስር። አይገናኙም። ጎጆው ብቻ በመካከላቸው ነው።

ኮሮና መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፣ ተማሪ ወደየቤቱ ተባለ፤ ያዮ ቤትም ወደ ያዮ ተመለሰ፤ ቢያንስ ግማሹ። እኛ ሦስታችን እዚያ ነበርን። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ያዮ ከተቀመጥን ቆይቶ ነበር። ጠዋት ቡና ውስጥ እንገባለን። ለማያውቅ ሰው፣ የያዮ ቡና ማሳ ውስጥ መግባት ማለት ጫካ መግባት ነው፤ ላይ ትልልቆቹ ዛፎች፣ እግራቸው ስር ቡናው፣ ከዛፉ ላይ የተሰቀለ ቀፎ፣ ከቀፎው በላይ ጉሬዛ። በሽታው ያለ አይመስልም ነበር። ስልክ ስንከፍት ነው የሚመጣው።

ሰኔ 22 ቀን ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። ያን ሰሞን የነበረውን ሁሉ እዚህ አንዘረዝረውም። ያዮ ውስጥ ዘፈኑ የሌለበት ቤት አልነበረም፤ ያን ጠዋት ግን የከፈተው አልነበረም። ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። እኛ ስለ ወሎ እናስብ ነበር፤ እሷም ስለ እኛ። በስልክ ‹‹ደህና ናችሁ?›› ‹‹ደህና ነን›› ተባብለን ዝም እንላለን። ስድስት ጸሐፊ ነን ባዮች፣ የምንለው አጣን።

መንገዱ ሲረጋጋ ታላቂቱ ዘዴ አመጣች። ወረቀት ላይ እንጻፍ፣ አጥፈን ለሚኒባስ ረዳት እንስጥ። መቱ ላይ አዮ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ወደ ሱጴ፣ ወደ ጎሬ፣ ወደ ሰፈራው መንደር በሚሄድ መኪና ይልካሉ። ‹‹የያዮ ፖስታ›› አልነው። ረዳቶቹ መጀመሪያ የፍቅር ደብዳቤ መስሏቸው ሲስቁ ነበር፤ በኋላ ራሳቸው ‹‹የሐሙሱ ደርሷል?›› ይሉን ጀመር።

የወሎ የመጀመሪያ ወረቀት ደረሰን። በኦሮምኛ ነው የጻፈችው። በዚያን ያህል ጊዜ ለቶና ስትናገረው ሰምተናታል እንጂ ጽፋበት አታውቅም። ስለ ሃጫሉ ነበር፤ እናቷ ዘፈኑን ቃሉን ሳታውቅ ቡና ስትለቅም እንደምታንጎራጉረው። የሱጴ ወረቀት በማግስቱ ደረሰ። እሱ ደግሞ በአማርኛ ነበር። ሁለቱ አልተነጋገሩም፤ ጠይቀናቸዋል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገን ያዮ፣ እቤታችን በረንዳ ላይ አነበብናቸው። ቶና የሚሠራ ሰው አላስፈለገም።

ከዚያ ያለው ቶሎ ያልፋል። ተመለስን፣ ጥቂት ወራት ተማርን፣ በ2013 ዓ.ም. ተመረቅን። ለምርቃቱ የወሎ እናት መቱ መጡ። ስንት ዓመት የጠበቅነው ነገር! የሣሯ ሴትና የጎጆዋ ሴት ሊገናኙ ነው። አምስታችን መጋረጃ ስር ቆመን ሰማን፤ ወሎ ጓዳ ተደበቀች። ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ። ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ። የትኛው ቅባት ለጉልበት እንደሚሻል ተከራከሩ። ስለ ጎጆው አንድም ቃል! ሲለያዩ ግን አዮ እንግዳዋን እስከ መናኸሪያ ሸኙ፤ አዮ ደግሞ ማንንም ከበር አልፈው አይሸኙም።

አሁን ያዮ ቤት የለም። አዮ ጓሮውን ለልጃቸው ሰጥተው እሱ ብሎኬት አቆመበት። ታላቂቱ በደሌ ታስተምራለች፤ ታናሺቱ ጤና ጣቢያ ናት፣ አግብታለች። ጎሬ አንድ የንግድ ድርጅት ሒሳብ ትይዛለች። (አሁንም ግን ጎሬ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲወጡ የመንግሥት መቀመጫ እንደነበረች፣ መቱ ደግሞ ትናንት የመጣች ከተማ እንደሆነች ሳትነግር ስልክ አትዘጋም።) ወሎ ኮምቦልቻ ሥራ አገኘች፤ እናቷ በጭነት መኪና የመጡበትን መንገድ በአውቶቡስ ወደ ኋላ ሄደችው። ጽሑፉን እስካሁን አላሳተመችውም። እንዳልጨረሰችው ነው የምትለው፤ እኛ እንደጨረሰችው እናውቃለን። መጨቃጨቃችንን አልተውንም።

እኛ አዲስ አበባ መጣን። በዓሉም የመጣበት ነው፣ ብለን። እዚህ መድረክ ሞልቷል። ግጥም በጃዝ ታጅቦ ይነበባል፣ መጽሐፍ ይመረቃል፣ መግቢያ ይከፈላል፣ ይጨበጨባል። ያማረ ነው፤ አንዋሽም፣ ወደነዋል። ግን አንድ ነገር ይጎድለናል። ገጣሚው አንብቦ ሲወርድ ተነሥቶ ‹‹እስቲ እኔ በሌላ ቋንቋ ልንገራችሁ›› የሚል የለም። ጭብጨባ አቦል ነው። ቶና የለም፣ በረካ የለም። ስንቱ ግጥም በሳቅና በሙዚቃ ታቅፎ ሳይፈረድበት ወደ ቤቱ ይሄዳል!

ሱጴስ? ሱጴ ሱጴ ናት። አስተማሪ ሆና ተመደበች፣ እዚያው በተወለደችበት፣ ሦስተኛ ክፍል። የመጽሐፍ አከራዩ ልጅ ይኼን ሲሰማ ደውሎ ‹‹ሀዲስ ሳህሌ ሆንሽ!›› ብሎ ሳቀባት። ‹‹እሱ እንግዳ ነበር፤ እኔ የጎረቤት ልጅ ነኝ፤ ልጆቹ አይፈሩኝም›› አለችው። ስለ ራሷ መጻፍ ትታለች። ጊዜ የለኝም ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ክፍሏ ሙሉ ነው። ግን አንድ ነገር ጀምራለች። ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ቤታቸው ያዩትን አንድ ነገር በኦሮምኛ ይጽፋሉ፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ደብተር ሳያይ ይደግመዋል። ቡና ስለማይፈቀድ በረካውን እሷ ናት የምትሰጠው።

አልፎ አልፎ ከደብተሮቹ አንዱን ፎቶ አንሥታ ትልክልናለች። ሰላምታ የለው፣ ማብራሪያ የለው። ከስሩ አንድ ቃል ብቻ ትጽፋለች፤ ‹‹ቶና።››

ያለፈው ሳምንት የመጣው የአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ተራው የእኛ ስለሆነ፣ እነሆ፦

አያቴ ቡና አላት። ጦጣ ይመጣና ቀዩን ቡና ይበላል። ጦጣ የሚወደው ጣፋጩን ነው፤ ፍሬውን ይተፋዋል። አያቴ መጀመሪያ በድንጋይ ታባርረው ነበር። አሁን ዝም ትለዋለች። ሲሄድ ዛፉ ስር ገብታ ፍሬውን ትለቅማለች፣ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ቅዳሜ ትሸጣለች። በሸጠችው ለእኔ ደብተር ገዛችልኝ። ጦጣው ግን እስካሁን አልተከፈለውም።